በካፒቴኑ ለቅሶ ላይ የበቀለው ጀግና

ቀራንዮ ጎረቤታችን የነበሩት ካፒቴን አርፈው ለቅሶ ተቀምጠናል። በጦርነቱ ጊዜ ተዋጊ ጄት ያበርሩ ነበር፤ ኋላም ጡረታ እስኪወጡ መንገደኛ ሲያመላልሱ ኖሩ። በሠፈሩ ግን ስለ ጦርነት አንዲት ቃል ከአፋቸው የሰማ የለም። ታዲያ አንድ ሱፍ የለበሰ፣ እንኳን አውሮፕላን ብስክሌት የነዳ የማይመስል ሰውዬ ድንኳኑ መሀል ተገተረና፣ "ካፒቴን የልብ ወዳጄ ነበር! ጠላትን እንዴት እንዳነደደው እየሳቀ ነበር የሚያጫውተኝ!" ብሎ እጁን እንደ አውሮፕላን ዘርግቶ ቦምብ መጣል ጀመረ። በሰው ለቅሶ!

ባለቤታቸው እትዬ ወርቅነሽ ቀና አሉ። "እየሳቀ ነው ያልከው?"

"አዎ እትዬ፣ እየሳቀ!"

"እኔ ሚስቱ አንድ ጊዜ ብቻ ጠይቄው፣ 'ከላይ ሆኜ ፊታቸውን እንኳ አላየሁም' ብሎ አለቀሰ። መንገደኛ ማመላለስ ከጀመረ ወዲህ፣ ባሳረፈ ቁጥር በሩ ላይ ቆሞ የሚወርደውን ሁሉ ፊት ፊቱን እያየ ይሰናበት የነበረው ለዚህ ነው። አንተ የማንን ባል እንደምታወራ እንጃ፤ የእኔስ ይሄ ነው።"

እኔ ብሆን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር። እሱ ግን ምን ገዶት! ከጎኔ ዘፍ ብሎ ንፍሮውን እየዘገነ፣ "አይፈረድባቸውም፣ ሐዘን አእምሮ ያስታል" አለኝ። ወንበሬን አንሥቼ ራቅሁለት። እንዲህ ያለ ሰው ነገ እኔም ስሞት የልብ ወዳጄ ሆኖ ይመጣል።