ለእናትየዋ ማን ይነግራታል?

ደብረ ብርሃን፤ ዓርብ ከሰዓት በኋላ። የጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕሙማን ክፍል ነርስ የሆነችው ሲስተር ትርሲት እና ያሳደገቻት አክስቷ ወይዘሮ አሰገደች ከቤታቸው ግድግዳ ሥር ፀሐይ እየሞቁ ምስር ይለቅማሉ፤ የትርሲት ስልክ በመካከላቸው በርጩማ ላይ ተቀምጧል።

አሰገደች፦ እኔ ገበያ ወጥቼ ዶሮ እመርጣለሁ እንጂ ሆስፒታል አልመርጥም! ሥራው ያንቺ፣ ደሞዙ ያንቺ፣ ምርጫው የእኔ?

ትርሲት፦ ዶሮ እንደምትመርጪው ምረጪልኝ በቃ። እኔ አልቻልኩም።

አሰገደች፦ ዶሮዋን እኮ ብድግ አድርጌ፣ ላባዋን ገልጬ አያለሁ። ሆስፒታሉን ምኑን ልግለጠው?

ትርሲት፦ ሁለት ናቸው። አንዱ አዲስ አበባ፣ የግል። አንዱ ቆላ፣ የመንግሥት። ሁለቱም ነይልን ብለዋል። የአዲስ አበባዎቹ ዛሬ ይደውላሉ፤ እሺ ወይም እምቢ ማለት ብቻ ነው የቀረኝ።

አሰገደች፦ ታዲያ ይሄ ምኑ ይመረጣል? አዲስ አበባ ነዋ! ቅዳሜ ተሳፍረሽ ቤትሽ ትገቢያለሽ። ቆላ ወርደሽ ወባ ሲጥልሽ ማን ያስታምምሻል?

ትርሲት፦ እሺ። አዲስ አበባ።

አሰገደች፦ አሁንስ ጉድ ነው! ትንሽ እንኳ አትከራከሪኝም?

ትርሲት፦ የሚያከራክር ነገር የለውም እቴቴ። እዚያም ማሞቂያ አለ፣ እዚህም ማሞቂያ አለ። እዚያም አንድ ኪሎ የማይሞላ ልጅ ይተኛል፣ እዚህም ይተኛል።

አሰገደች፦ ተይ ተይ፣ ጠጠሩን ወደ ንጹሑ ከተትሽው! የሰው ጥርስ ልታስወልቂ ነው?

ትርሲት፦ አላየሁትም።

አሰገደች፦ በምንሽ ታዪዋለሽ? ሥራ ከለቀቅሽ ጀምሮ ሰውነትሽ ነው እዚህ ያለው። ደግሞ ምን ጎደለሽ ብለሽ ለቀቅሽ? በእግርሽ ሄደሽ በእግርሽ የምትመለሺበት ሆስፒታል! ተጣላሽ?

ትርሲት፦ ከማንም አልተጣላሁም።

አሰገደች፦ ልጅ ሞተብሽ?

ትርሲት፦ እዚያ ክፍል ልጅ ሁሌም ይሞታል። ይድናልም። የሚድነው ይበዛል።

አሰገደች፦ ታዲያ ምንድን ነው? እኔ እኮ ያሳደግሁሽ ነኝ፣ ቃለ መጠይቅ አድራጊሽ አይደለሁም።

ትርሲት፦ ቃለ መጠይቅ ካልሽ፣ ሁለቱም ቦታ ስሄድ አንድ ጥያቄ ጠየቅኋቸው።

አሰገደች፦ መቼም የደሞዙን ነው።

ትርሲት፦ አይደለም። ልጅ ሲሞት ለእናትየዋ የሚነግራት ማነው አልኳቸው።

አሰገደች፦ በስመ አብ! ሥራ ልትቀጠሪ ሄደሽ ይሄ ይጠየቃል?

ትርሲት፦ የአዲስ አበባዎቹ ደስ አላቸው፤ ጥሩ ጥያቄ ነው አሉኝ። እነሱ ጋ ነርስ ለቤተሰብ ምንም አትናገርም፤ ክልክል ነው። ሶፋ ያለበት ክፍል አላቸው፤ ሐኪሙ እዚያ አስቀምጦ ይነግራቸዋል። እኔ ልጁን ብቻ ነው የማየው።

አሰገደች፦ አየሽ! የሠለጠነ ቦታ እንዲህ ነው። የቆላዎቹስ?

ትርሲት፦ የነርሶቹ አለቃ፣ ሜትረኗ፣ ሳቀችብኝ። «እህቴ፣ ሌላ ተናጋሪ ከየት እናምጣልሽ? ክፉውንም ደጉንም የምንናገረው እኛው ነን» አለችኝ። ሞት ሲሆን ተሰብስበው ነው የሚሄዱት። ተረኛ ነርሶቹ፣ የጽዳት ሠራተኛዋ፣ ጥበቃው ሳይቀር።

አሰገደች፦ ጥበቃው ደግሞ ምን ቤት ነው?

ትርሲት፦ ያገሩ ሰው ነው፤ ሁሉንም ያውቃቸዋል። ከእናትየዋ ቀድሞ የሚያለቅሰው እሱ ነው አለችኝ።

አሰገደች፦ ደግ ሰው ነው። እና አንቺ መናገሩን ጠልተሽ ነው አዲስ አበባ ያልሽው?

ትርሲት፦ ብጠላውማ ጥሩ ነበር። ምንም አይለኝም። እኛ ክፍል ሁሉም የሚልኩት እኔን ነው። «ትርሲት ትንገራት፣ እሷ ፊቷ አይለዋወጥም» ይላሉ። ሐኪሞቹም እንደዚያው። በፊት በፊት ነግሬ ስመለስ ሽንት ቤት ገብቼ አለቅስ ነበር። ኋላ ለቅሶው ተወኝ። ደንዝዣለሁ እቴቴ።

አሰገደች፦ እኔስ ስንቱን መርዶ ተናገርኩ! ይሄ ሰፈር ሰው ሲሞትበት መጀመሪያ የሚንኳኳው የእኔ በር አይደል? ግን እኛ ማልደን፣ ሰው ሰብስበን፣ ዘመድ ጠርተን ነው የምንገባው። ሐዘንተኛዋን እናስቀምጣለን፤ የሚደግፋት በግራም በቀኝም አለ። አንቺ የት አስቀምጠሽ ነው የምትነግሪያት?

ትርሲት፦ ኮሪደር ላይ። እንደቆመች። ብዙ ጊዜ ፔርሙዝ ይዛ ነው የማገኛት።

አሰገደች፦ ዘመዶቿስ?

ትርሲት፦ ገጠር። ባሏም ድሮ ለሥራ ተመልሷል።

አሰገደች፦ ብቻሽን ነሽ?

ትርሲት፦ ብቻዬን ነኝ።

አሰገደች፦ እንዲህ ያለ ነገር ይዘሽ ነው እየመጣሽ «ሥራ እንዴት ዋለ» ስልሽ «ደህና» የምትይኝ? በይ ይሁን። ለዚህ ከለቀቅሽ አልፈርድብሽም።

ትርሲት፦ ለዚህ አይደለም የለቀቅኩት። የለቀቅኩት በዳነ ልጅ ምክንያት ነው።

አሰገደች፦ ልጅ ድኖ ሥራ ይለቀቃል?

ትርሲት፦ አይናዲስ የምትባል እናት ነበረች፣ ከገጠር የመጣች። ልጇ ያለጊዜው ተወልዶ ማሞቂያ ውስጥ ሲከርም ኮሪደሩ ላይ አብራው ከረመች። ልጁ ኪሎ ጨመረ፣ መጥባት ጀመረ። ሐኪሙ ይውጣ ሲል፣ ይሄን እኔ ልንገራት ብዬ ለመንኩት። አንድ ቀን እንኳ ደህና ነገር ልናገር ብዬ።

አሰገደች፦ ደግ አደረግሽ። እልል አለች?

ትርሲት፦ ከሩቅ አየችኝ። ፔርሙዙ ከእጇ ወደቀ። ገና አፌን ሳልከፍት ነጠላዋን ቀድዳ ጮኸች።

አሰገደች፦ ለምን?

ትርሲት፦ እኔ ነኛ የመጣሁት! እኔ ወደ አንዷ ከሄድኩ ልጇ ሞቷል ማለት ነው። እናቶቹ ለካ ለይተውኛል። ለአዲስ ገቢዎቹ ሁሉ «ያቺን ጠይሟን ነርስ አያምጣብሽ» እያሉ ይነግሯቸዋል።

አሰገደች፦ ኧረ የእኔ እናት!

ትርሲት፦ «ድኗል፣ ልጅሽ ድኗል» አልኳት። አላመነችኝም። ሌሎቹም አብረው ደረት ይመታሉ። «ለማጽናናት ነው የምትዋሸን» አለች አንዷ። ልጁን አምጥተን ደረቷ ላይ ስናስተኛው እንኳ ይተነፍስ እንደሆነ አፍንጫውን በእጇ ዳሰሰች።

አሰገደች፦ አንቺስ?

ትርሲት፦ እኔ ቆሜ አየሁ። ከዚያ ክበብ ገብቼ ሽሮ አዘዝኩ። ጨርሼ በላሁ፤ እንጀራም አስጨመርኩ። እየበላሁ አሁን ልታለቅሺ ነው እያልኩ ስጠብቅ፣ ምንም። ከዚያ ወዲያ ሽንት ቤት ስሄድ እንኳ በኩሽና በኩል ዞሬ ነበር የምሄደው። በኮሪደሩ ካለፍኩ እናቶቹ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ይስባሉ።

አሰገደች፦ ምስሩን ተዪው። ተዪው አልኩ፣ ጠጠር መለየቱ ይቅርብሽ ዛሬ። ጥሩወርቅን ታስታውሻታለሽ?

ትርሲት፦ የታችኛዋን ጎረቤት? አዎ።

አሰገደች፦ ባሏ አሰብ መንገድ ላይ ሾፌር ነበር። አንቺ ገና ድክድክ ስትይ፣ የተዋስኩትን ወንፊት ልመልስ በሯን አንኳኳሁ። ስታየኝ በሩ ላይ ተዘረረች። ባሏ የሞተ መስሏት ነው። ሰውየው ጓዳ ተኝቷል!

ትርሲት፦ ጓዳ?

አሰገደች፦ ሲያንኮራፋ ይሰማል። ሌላ ቀን ደግሞ አንዷ እኔን ስታይ በሯን ዘጋች፤ ከውስጥ ደግፋ ያዘችው። በሩ ካልተከፈተ ሞት የማይገባ መስሏት ነው መሰለኝ። እቤቴ ገብቼ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። እኔም ሰፈሩን ትቼ ልሄድ አስቤ ነበር።

ትርሲት፦ ምን አስቀረሽ?

አሰገደች፦ ሽንኩርት።

ትርሲት፦ የምን ሽንኩርት?

አሰገደች፦ በየቤቱ እየሄድኩ ሽንኩርት መበደር ጀመርኩ። አንድ ቀን ጥሩወርቅ ጋ፣ አንድ ቀን እታች፣ አንድ ቀን እላይ። ሽንኩርት ካልሆነ ክብሪት። ክብሪት ካልሆነ ጨው። ቁጭ ብዬ ሰው አምቼ፣ ስቄ አስቄ እመለሳለሁ።

ትርሲት፦ እቴቴ! እኔ አይደለሁ እንዴ ስመልስ የኖርኩት? ልጆቹ «ለማኞች» እያሉ ሲሰድቡኝ? እቤት ሽንኩርት ከአልጋ ሥር ሞልቶ!

አሰገደች፦ ሞልቶ ነበር።

ትርሲት፦ ሞልቶ እያለ ነው የምትበደሪው?

አሰገደች፦ ምን ላድርግ? ስመጣ የሚጮኽ ሰፈር ውስጥ እንዴት ይኖራል? አሁን በራቸው ላይ ስቆም «አሰገደች ደግሞ ምን አለቀባት» ነው የሚሉት።

ትርሲት፦ የእውነት መርዶ ሲሆንስ?

አሰገደች፦ ያን ቀን ብቻዬን አልሄድም፤ ኋላዬ ሰው አለ። ያን ጊዜ እነሱም ያውቁታል። ብቻዬን ከመጣሁ ግን ሽንኩርት ነው።

ትርሲት፦ እኔ ግን ሁሌም ብቻዬን ነው የሄድኩት።

አሰገደች፦ ያንቺ ጥፋት አይደለም፤ የላኩሽ ያፍሩ። ኧረ ስልክሽ ጠራ! እነሱ ናቸው?

ትርሲት፦ የአዲስ አበባ ቁጥር ነው።

አሰገደች፦ አንሺው እንጂ! ሶፋው ይሻልሻል ልጄ። ለማንም ምንም ሳትናገሪ፣ ሕፃናቱን አክመሽ፣ ደሞዝሽን በልተሽ ማረፍ ነው። እሺ በያቸው።

ትርሲት፦ ሄሎ። አዎ፣ ሲስተር ትርሲት ነኝ። እግዚአብሔር ይመስገን። አዎ፣ ወስኛለሁ። ብቻ አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል፤ ሳልጠይቃችሁ ወጥቼ። ልጅ ሲሞት የሚናገረው ሐኪሙ ነው ብላችሁኛል። ሲድንስ?

አሰገደች፦ ምን አስጠየቀሽ አሁን?

ትርሲት፦ ቆይ እቴቴ። አዎ፣ ሲድን፤ ልጅሽን ይዘሽ ወደ ቤትሽ ሂጂ የሚላት ማነው? ማን? ሒሳብ ክፍል?

አሰገደች፦ ሒሳብ ክፍል ምን አገባው?

ትርሲት፦ ሒሳቡ ሲዘጋ እነሱ ይደውሉላታል? ነርሷ ግን አትነግራትም። ለነርሷ እሱም ክልክል ነው። ገባኝ። ኧረ አልነቀፍኩም፣ አሠራራችሁ ነው። በሉ እግዜር ይስጥልኝ፤ ሌላ ሰው ፈልጉ።

አሰገደች፦ ሌላ ሰው ፈልጉ? ትርሲት! እኔ ምን አልኩሽ አሁን? እኔ ሽንኩርቱን የነገርኩሽ እንዲያጽናናሽ እንጂ ቆላ እንድትወርጂ ነው? ወባውስ?

ትርሲት፦ አጎበር እገዛለሁ።

አሰገደች፦ ስትታመሚ ማን ያስታምምሻል?

ትርሲት፦ ጥበቃው።

አሰገደች፦ ትቀልዳለች ደግሞ! በዚህ በደነዘዘ ፊትሽ ነው የምትቀልጂው? እዚያ እኮ አንድ የምታውቂው ሰው የለሽም።

ትርሲት፦ እነሱም አያውቁኝም። በኮሪደሩ ስመጣ አይጮኹም።

አሰገደች፦ እስኪያውቁሽ ነዋ! ሲያውቁሽስ?

ትርሲት፦ እቴቴ፣ ቆላ ሽንኩርት ይገኛል?