በበዓሉ ማግስት እናለቅሳለን

— ሄሎ? … ሄሎ፣ ሱካርሳ? … አዎ እኔ ነኝ፣ እህትህ ነኝ። ትሰማኛለህ? … ስደውልልህ ነው የዋልኩት እኮ! የት ጠፍተህ ነው? … ተራራው ላይ ኔትወርክ የለም? እሺ… እሺ፣ ይሁን።

— አሁን የት ደረሳችሁ? … ቁልቁለቱን ጨረሳችሁ? እንግዶቹስ? … ግሌንዳና ባሏ፣ አዎ፣ እንዴት እረሳቸዋለሁ! አምና እኛ ጋ የሰነበቱት። አባዬ መረብ መጠገን ያስተማራት፣ «ልጄ» እያለ የሚጠራት። … አዎ፣ ታንኳው ላይ ሲያስመልሳት የዋለችው፣ እሷው።

— ምን? … አይ፣ አባዬ ነገ ወደ ባሕር አያወጣቸውም። … ታንኳውማ ደህና ነው። … አባዬን ላገናኝህ? … ቆይ። ቆይ አንዴ፣ እንዳትዘጋው።

— እትዬ ዋርቲ፣ ይቺን መባ ያዙልኝማ። ወንድሜ ነው፣ እንግዶች ይዞ እየመጣ ነው። … አዎ፣ አባዬ እንደተኛ ነው። መጣሁ።

— ሄሎ፣ አለህ? ወደ ባሕሩ ወጥቻለሁ፣ ታንኳው ጀርባ ነኝ፣ እዚህ ማንም አይሰማኝም። መኪናውን ጥግ አስይዝ። … አስይዝ አልኩህ፣ ሱካርሳ! … ቆምክ? ሞተሩን አጥፋ። … እሺ። አንዴ ብቻ ነው የምነግርህ፣ ድገሚልኝ እንዳትለኝ። አባዬ ዛሬ ጠዋት አረፈ።

— ሱካርሳ? … ሄሎ? … አለህ ወይ?

— ከባሕር ተመልሶ ነው። ታንኳውን አብረን ጎትተን አወጣን፣ መረቡን ላራግፍ ዞር ስል እዚሁ አሸዋው ላይ ቁጭ አለ። ደክሞት ነበር የመሰለኝ… ቀለድኩበት እኮ! «አረጀህ፣ አባዬ» አልኩት። … መጣ፣ ሐኪሙ መጣ። ልቡ ነው አለ። አልተሰቃየም ብሎናል።

— እንዳትጮህ! … አውቃለሁ ወንድሜ፣ አውቃለሁ። ግን በዓሉን ረሳኸው እንዴ? ነገ እኮ ነው አማልክቱ ወደ ባሕር የሚወርዱት። ከዚህ ቤት ለቅሶ ከተሰማ መንደሩ በሙሉ ይረክሳል፣ መቅደሱ ይዘጋል፣ ይሄ ሁሉ ሰው የለፋበት ነገር ገደል ገባ ማለት ነው። … ጠየቅናቸዋ፣ ካህኑን! «ተኝቷል በሉ» አሉን። በዓሉ እስኪያልፍ ተኝቷል ነው የሚባለው። … መንደሩማ ያውቃል! ማን የማያውቅ አለ? ሁሉም ያውቃል፣ አፉን የሚከፍት ግን የለም። የአያታችን ጊዜስ እንደዚሁ አልነበር? አንተ ትንሽ ስለነበርክ ነው።

— እማዬ? … እማዬን ምን ብዬ ልንገርህ። ጎኑ ቁጭ ብላለች። ሩዝና የተጠበሰ ዓሣ አቅርባለት፣ «ተነስና ብላ እንጂ፣ ቀዘቀዘ እኮ» ትለዋለች። ዝንቡን እሽ ትልለታለች። አንዲት ጠብታ እንባ የለም። እሱ ነው የሚያስፈራኝ፣ ፊቷ ድንጋይ ሆኗል። … እኔማ ምን ጊዜ አለኝ! ከጠዋት ጀምሮ የዘንባባ ቅጠል ስጎነጉን፣ ለገባው ለወጣው ሁሉ ጥርሴን ሳሳይ… ጉንጬን አመመኝ፣ ሱካርሳ። ሳቁ አመመኝ።

— አይሆንም፣ እንደዚህ ሆነህማ አትመጣም። … አባትህ ነው፣ ማን አይደለም አለህ? ግን በሩ ላይ ደርሰህ «ወየው» ካልክ አለቀልን። ራስህን መያዝ ካልቻልክ ወደ ደንፓሳር ከተማ ተመለስ። በበዓሉ ማግስት ትመጣለህ፣ ያን ጊዜ አብረን እንጮሃለን። … ጨካኝ? እኔ? … እሺ፣ ስደበኝ። ስደበኝ፣ ይውጣልህ። እሱም ቢሆን ይሄንኑ ነበር የሚልህ። ነገ በሰልፉ የአማልክቱን ጥላ የሚይዘው እሱ ነበር እኮ፤ ነጭ ልብሱን አስተኩሶ ሰቅሎት ነበር። … አዎ። እሱኑ አልብሰነዋል።

— መጣሁ እትዬ ዋርቲ፣ መጣሁ! ኔትወርክ ፍለጋ ነው!

— ምን አልክ? … ከኋላህ የምሰማው ምንድን ነው? ማን ናት የምታለቅሰው? … ግሌንዳ? ነገርካት እንዴ? … ሳትነግራት? ቋንቋችንን እንኳን በቅጡ ሳትሰማ? … ፊትህን አይታ። … ወይ ሴትዮዋ… ወይ እናቴን…

— አይ፣ እንዳትመልሳቸው። ቆይ… ቆይ፣ ላስብበት።

— ስማኝ። ይዘሃት ና። … አዎ፣ ከነእንባዋ። … ሕጉ የሚይዘው እኛን ነው፣ እሷ የሩቅ አገር ሰው ናት፣ ማን ምን ይላታል? ሻንጣዋ ጠፍቶባት ነው እላቸዋለሁ፣ ወይ ሆዷን አሟት ነው እላለሁ፣ አንድ ነገር አላጣም። … ካህኑን ለእኔ ተዋቸው። ከተቆጡም እኔን ይቆጡ። አንተ ብቻ ፊትህን ታጠብ። ውሃ አለህ? … ታጠብ፣ ሸሚዝ ቀይር፣ ከዛ እየሳቅክ ትገባለህ። እየሳቅክ፣ ሰማህ? … ትችላለህ። እኔ ከቻልኩ አንተም ትችላለህ።

— እሷን ከእማዬ ጎን አስቀምጣታለሁ። የእማዬን እጅ ትያዝላት። … ታልቅስ! እስኪበቃት ታልቅስ። በዚህ ቤት አንድ ሰው እንኳን ያልቅስለት።

— እሺ… እሺ፣ ቀስ ብለህ ንዳ። በል አሁን ዝጋው፣ ሴቶቹ እየጠሩኝ ነው። ገብቼ ልሳቅ።