ዝም ካለ ተሳክቷል

ትራሱን ከወገብሽ ዝቅ አድርጊው የኔ ልጅ፤ እንዲያ ሲሆን ነው የሚደግፍሽ። እግርሽንም እዚያች በርጩማ ላይ ስቀዪው። ይሉኝታ ምን ያደርግልሻል? ወሯ የገባ ሴት በሰው ቤት እንኳ እንደ ቤቷ ነው የምትቀመጥ፤ ይሄ ደግሞ የባልሽ እናት ቤት ነው። ምሳው ገና ነው፣ ድስቱ ራሱ እስኪጠራኝ እንጫወት። ባልሽን ተዪው፣ ጥጉ ላይ ይሥራ። ኤርፎኑን ጆሮው ላይ አድርጓል፣ አይሰማንም። ደግሞስ ቢሰማ... የሁለት ሴቶች ወሬ ምን ይጎዳዋል?

እኔማ ምን እሆናለሁ፣ ተማሪ ሆኛለሁልሽ። አትሳቂ። እዚህ ቤተ መጻሕፍቱ ፎቅ ላይ ጡረታ ለወጣን ሰዎች የኮምፒውተር ትምህርት ተከፍቶ ተመዘገብኩ። ብዙዎቹ ፎቶ መላክና ቪዲዮ ማየት ነው የሚማሩት። እኔ የገባሁት ግን ጥቁሩን ስክሪን የሚያስተምሩበት ክፍል ነው። ሥዕል የለው፣ ማውስ የለው። ትጽፊያለሽ፣ ኢንተር ትመቻለሽ፣ ይታዘዝልሻል። በጽሕፈት መኪና ላይ ያረጀች ሴት ከዚህ ሌላ ምን ይመቻታል? ጣቶቼ እንደሆኑ ያለ ዓይን ያያሉ። ጆሮዬም ቢሆን፣ ሰው ከልቡ ሲጽፍና ሲያስመስል በቁልፉ ድምፅ ይለያል። ስሚ እስቲ፣ አሁን እሱ ከልቡ ነው... ቶሎ ቶሎ። ጎበዝ።

ያ ጥቁሩ ስክሪን ስሙ ሼል ይባላል። ምን ማለት እንደሆነ ነግሮሽ ያውቃል? ቅርፊት ማለት ነው። አስተማሪያችን ጸጉሯን አጭር የተቆረጠች፣ ምላሷ ማር የሆነ ልጅ ናት፤ እናንተ የምትነኩት ቅርፊቱን ነው፣ ፍሬው ውስጥ ነው ያለው ብላ አስረዳችን። አገላለጹን ወደድኩላት። ስንት ነገር አለ መሰለሽ፣ ቅርፊቱ በሰዓቱ ቤትሽ ድረስ የሚመጣ... ፍሬው ግን ሥራ በዝቶበት የሚቀር።

አመሉ ደግሞ ይገርምሻል። ስትሳሳቺ ይጮህብሻል። በትክክል ካዘዝሽው ግን እሺ የለ፣ አቤት የለ፣ ጭጭ ነው። በመጀመሪያው ቀን አንድ ፎልደር ፍጠርልኝ ብዬ ጻፍኩ፣ ዝም አለ። አልሰማኝም ብዬ ደገምኩለት፣ ያኔ ጮኸብኝ። ለካ ቀድሞ ፈጥሮልኝ ኖሯል። አስተማሪዋ ትከሻዬን ነካ አድርጋ፣ "እዚህ ዝም ካለ ተሳክቷል ማለት ነው" አለችኝ። ዝም አይነቅዝም የሚባለው ለካ ለኮምፒውተር ነው ብዬ ሳቅሁ።

እና እዚያ ክፍል ጠረጴዛ የምንጋራ አንዲት ሴትዮ አለች። እንደኔው ጡረታ የወጣች ጸሐፊ፣ እንደኔው አንድ ወንድ ልጅ ያላት። አይ ልጅ... አይ መታደል። የኮምፒውተር ሰው ነው፤ ትልቅ መሥሪያ ቤት፣ ትልቅ ወንበር። ጊዜ የሚባል ነገር የለውም። የሌለውን ጊዜ ከየት እንደሚያመጣው እንጃለት፣ በየቀኑ በምሳ ሰዓት ለእናቱ መልእክት ይልካል። በየቀኑ ነው የምልሽ። "እማዬ፣ ምሳ በላሽ?" "እማዬ፣ ናፍቀሽኛል።" "እማዬ፣ ያላንቺ ምን እሆን ነበር?" ጎረቤቶቿ በቅናት ሊያልቁ ነው። የነሱ ልጆች ይረሳሉ፣ ያረፍዳሉ፣ አንዳንዴም አኩርፈው ይከርማሉ። ሰው ናቸዋ። እሱ ግን አንዲት ደቂቃ አያዛንፍም። እንዲህ ያለ ልጅ በዓይንሽ አይተሽ ታውቂያለሽ? ... እስቲ አስቢ፣ አትቸኩዪ።

ዝናቡ ሊያባራ ሲል ይህች ሴትዮ ከደረጃ ወደቀችልሽ። እግሯ ወለም አላት፤ ጎረቤት ደግፎ አስገባት። ለልጇም ጻፈችለት፤ ወድቄ እግሬን ተጎድቻለሁ፣ ሲመችህ ብቅ በል አለችው። በማግስቱ በምሳ ሰዓት ሳያዛንፍ መልእክቱ ከች። ምን ቢላት ጥሩ ነው? "እማዬ፣ ዛሬ አየሩ ደስ ይላል። ወጣ ብለሽ በእግርሽ ተንሸራሸሪ፣ ለጤናሽ ጥሩ ነው።" ... ሐኪሙ እኮ ከአልጋ አትውረጂ ነበር ያላት። ልጇ ግን ከሐኪም በላይ አሰበላት። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ የእግር ወለምታ ለካ በመልእክት ይታሻል። ያን ቀን ብዙ አለቀስኩ... አለቀሰች ልል ነው። ይኸውልሽ፣ የአፍ ወለምታ ማለት ይሄ ነው።

ትምህርቱን የጀመረችውም እኮ ለሱ ብላ ነው። ሥራህ ምንድነው ስትለው "እማዬ፣ አይገባሽም" ይላታል። እውነቱን ነው፣ አይገባትም። እስቲ ጥቂት ቃል ልወቅና አንድ ቀን ሲመጣ የምንጨዋወተው ይኑረን ብላ ነው በምርኩዝ ፎቅ የምትወጣው። ልጇን ናፍቃ ነው በአጭሩ። ትምህርቱም አላሳፈራት፣ ከማንም በፊት ልጇን ገለጠላት።

አንድ ቀን ክፍል ውስጥ እንዳለን ስልኳ ጮኸ። ስታየው "ውድ" ይልና ባዶ ነው። ከዚያ "እንዴት ዋልሽ?" ይላል። ስም በሚገባበት ቦታ ስም የለም። እሷ የዋህ ናት፣ ስልኬ ተበላሸ ብላ ለአስተማሪዋ አሳየቻት። አስተማሪዋ በሳቅ ፈረሰች፤ ከዚያ የሴትዮዋን ፊት አየችና ሳቋን ዋጠችው። የዚያን ዕለቱ ትምህርት ደግሞ... አጋጣሚ ነው እንግዲህ... እሱው ራሱ ነበር። ኮምፒውተሩን በየቀኑ በዚህ ሰዓት ይህን አድርግ ብለሽ አንዴ ታዢዋለሽ። ከዚያ ወዲያ ብትረሺ፣ ብትተኚ፣ ጨርሶ ባታስቢው እሱ አይረሳም። አስቀድመሽ ከጻፍሽለት ዓረፍተ ነገር አንዱን እንደ ዕጣ አውጥቶ ይልካል። ስም የሚቀመጥበት ቦታ አለ፤ ስሙ ቢረሳ ኮምፒውተሩ ምን ቸገረው፣ ባዶውን ልኮ ያልፋል። እናት የምትቀመጥበት ቦታ ባዶ ሆኖ እንኳ ሥራው አይስተጓጎልም። ይሄ ጥበብ አይደለም ትያለሽ?

ምናልባት ስሙ የጠፋው ለአንዲት እናት የተሠራውን ለሁለት እንዲበቃ ሲያሰፋው ይሆናል አለች አስተማሪዋ። ... ለመሆኑ እናትሽ ደህና ናት? ባለፈው ስንገናኝ፣ አማቼ ዘንድሮ ተባርኳል፣ በምሳ ሰዓት ናፍቀሽኛል ሳይለኝ አይውልም ብላ አጫውታኝ ነበር። ደስ አለኝ ለሷ። ስሟ አብሮ ይደርሳት እንደሆነ ግን ጠይቂያት።

ሌላ ሴት ብትሆን በከፋት ነበር። ይህች ግን አስተዋይ ናት። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባል የለ? ከአንጀት ላሰበም ጊዜ አይገድም። ያ ሁሉ ሥራ እያለበት ቁጭ ብሎ፣ የእናቱን የዕድሜ ልክ ናፍቆት በአንድ ከሰዓት በኋላ ናፍቆ ጨረሰላት። ሌላው ልጅ በየቀኑ ሲንጠባጠብ ይኖራል። ... ምነው፣ ቁልፎቹ ቆሙሳ? አይ፣ ቀጠሉ። ሲያስብ ይሆናል።

ደግሞ አንድ የሚያስቅ ነገር ልንገርሽ። ስክሪፕት በሚሉት በዚያ የትእዛዝ ጽሑፍ ውስጥ መስመሩ በመሰላል ምልክት፣ በዚህች በ#፣ ከጀመረ ኮምፒውተሩ አያነበውም፣ ዘሎት ነው የሚያልፈው። ለሰው ብቻ የተጻፈ ማስታወሻ ነው። ሴትዮዋ ይህን ስትሰማ፣ እኔም ስናገር ከፊቴ መሰላል አለ ማለት ነው አለችና ሳቀች። የወደቀችውም ለካ ከዚያ ይሆናል። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ፣ እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ከዚያ የራሳችሁን ስክሪፕት ጽፋችሁ ኑ ተባልን። እሷ ምን ጻፈች? መልስ። ልጄ ያን ያህል ሲደክም መልስ መጠበቅ የለበትም ብላ፣ ከሱ መልእክት ጥቂት ዘግየት ብሎ የሚሄድለት ምርቃት አዘጋጀች። መጀመሪያ ላይ ማቆሚያውን ረስታው "ተባረክ፣ ተባረክ" እያለ እንደ ጎርፍ ሲወርድበት ዋለ። ደግነቱ ልጁ አላየውም፣ ስለዚህ አልተቸገረም። አሁን አስተካክላዋለች። የሱ ኮምፒውተር ይናፍቃል፣ የሷ ኮምፒውተር ይመርቃል፣ እናትና ልጅ እፎይ ብለዋል። ኩርፊያ የለ፣ ጭቅጭቅ የለ። እንዲህ ያለ ሰላም የማን ቤት አለ?

እና በቀደም... ዛሬ ነው በዪው እንጂ... ይህ ልጅ በአካል መጣላት። ሚስቱ ልትወልድ ነው፣ ልክ እንዳንቺ። መውለድ አንቺ አልጀመርሽው መቼም። ከበር ሳያልፍ ነው የነገራት፤ እማዬ፣ ሕፃኑ ሲመጣ እኛ ጋ ኑሪ፣ ካንቺ እጅ ሌላ አናምንም አላት። እንዴት ያለ አክብሮት ነው። ከዚያ መቀመጫ ፈለገና ምርኩዟን ሶኬቱ ላይ ተደግፎ አገኘው። ቀስ ብሎ አነሳው፣ እንዳይጎዳ አድርጎ ወለሉ ላይ አጋደመው፣ ቻርጀሩን ሰካ። ከመቼ ወዲህ ነው ምርኩዝ የያዝሽው አላላትም። ጨዋ ነው፣ የሰው ጉዳይ አይመረምርም። ... ምን ታያለሽ ወደዚያ? እሱ የኔ ምርኩዝ ነው። ምርኩዝ ሁሉ ይመሳሰላል።

መልሷን ገና አልሰጠችውም። ሕፃኑን ሳትፈልገው ቀርታ እንዳይመስልሽ፤ አሁኑኑ ክንዷ ላይ ይታያታል፣ ሽታው ሁሉ ይመጣባታል። ግን አንዲት ነገር ትጠብቃለች። ኮምፒውተር ያልላካት፣ ከአፉ የወጣች አንዲት ጥያቄ፦ እግርሽ እንዴት ሆነ? ይህችን ከሰማች ዛሬውኑ ጓዟን ትጠቀልላለች። ካልሰማች ደግሞ... ለሕፃኑም ስክሪፕት ትጽፍለታለች። ሲያለቅስ እሹሩሩ የሚል፣ በየሰዓቱ፣ ሳያዛንፍ። አባቱን ያሳደገ ፍቅር ለልጁ ያንሰዋል እንዴ? አይ፣ ተሳሳትኩ፤ አባቱንስ በእጅ ነበር ያሳደገችው። ያኔ ኮምፒውተር አልነበራትማ።

እንግዲህ አንቺ ደግሞ፣ አህያውን ፈርታ ዳውላውን እንዳትይኝ። እኔ ያወራሁሽ ስለ ትምህርቴ ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፣ ኤርፎን ሲጨመርበትማ...

ስልኬ ነው የጮኸው? አቀብዪኝ እስቲ። መነጽሬ... ይኸው። ምሳ ሰዓት ደርሶ ኖሯል፣ ድስቱ ሳይጠራኝ ስልኩ ቀደመው። "እማዬ፣ እንዴት ዋልሽ? አሁን አጠገብሽ ብሆን ምንኛ ደስ ባለኝ።" ... አየሽ? የት ሆኖ ይሆን የሚልከው? ሩቅ ቦታ መሆን አለበት። አንጀት ይበላል።

ያ ከጓዳ የሚያጓራው የኔ አሮጌ ኮምፒውተር ነው፣ አትደንግጪ። የቤት ሥራውን ሲልክ እንዲህ ያደርገዋል። ... ይኸው፣ የሱም ስልክ ጮኸ። አይ፣ አትንኪበት፣ ራሱ ያንሳው። አንዳንድ ነገር በራስ እጅ ሲነሳ ነው የሚነበበው።

ቁልፎቹ ቆሙ። አሁንስ በደንብ ቆሙ፣ ይህች ጆሮ አትታለልም። ኤርፎኑን አወለቀ እንዴ? እኔ ጀርባዬን ሰጥቼዋለሁ፣ የምታዪው አንቺ ነሽ። ምንም አላለም አይደል? ትንሽ እንጠብቀው... አሁንም ዝም? ... አስተማሪያችን ምን ነበር ያለችው? ዝም ካለ ተሳክቷል።

በይ ልነሳ፣ ድስቱ ሊያርብኝ ነው። አንቺ ለምርኩዙ አትጎንበሺ፣ ሆድሽን ይጫነዋል። ግድግዳውን ይዤ እሄዳለሁ፣ ለምጄዋለሁ። ከመነሳቴ በፊት ግን ያቺ ሴትዮ ለምራቷ የመረቀችውን እኔም ልመርቅሽ፤ ልጇ ስልክ ላይ የደረሰውም ይኸው ነው። በሰላም ተገላገዪ የኔ ልጅ። ምጡን ያቅልልሽ። ወንድም ይሁን ሴት፣ አባቱን ይምሰል። ይደግ፣ ይማር፣ ከትልቅ ወንበር ይቀመጥ። አባቱ እናቱን እንዳሰበ እሱም አባቱን ያስብ፤ በየቀኑ፣ በሰዓቱ፣ አንድም ቀን ሳይዘል።