የመሪጌታ ሐዲስ ምላስ

ለፈንጣጣ ክትባት ከጎንደር መጥቼ ትክል ድንጋይ ከተማ ከማኪና እንደ ወረድሁ፣ የደብሩን አለቃ ሐብተ ማርያምን ካባቸውን ደርበው ሲቻኮሉ አገኘኋቸው።

«ወዴት ነው አለቃ?»

«መሪጌታ ሐዲስን ከማኅሌት ላሰናብት። ሰኞ በወሰን ክርክር በሐሰት ማለ፤ ምላሱ ተጣመመ። ናና የእግዚአብሔርን ፍርድ እይ፣ ሐኪም!»

አብሬያቸው ሄድሁ። መሪጌታ መደብ ላይ ተጋድመዋል። ምላሳቸውን ቢያወጡ ወደ ቀኝ ዞረ። ድምፃቸው ሰልሏል፤ ውሃ ቢጎነጩ ትን አላቸው። የቀኝ ዓይናቸው ቆብ ወርዷል፤ ብሌኑም ከግራው ጠቧል።

«አለቃ፣ የማሉት በምላሳቸው ነው። ዓይናቸው ምን በደለ?»

«አንተ ደግሞ መርፌህን ይዘህ ዳኝነት ገባህ!»

የመሪጌታ ባለቤት ይመኙሽ ከጓዳ ወጡ። «የዓይኑ ቆብ የወደቀው፣ ምላሱም የከበደው ቅዳሜ ነው፤ ወጌሻ መጥቶ የደረቀ አንገቱን በጠመዘዘው ዕለት። ሰው ያየው ግን ሰኞ ሲምል ነው።»

«ምነው ይህን ሳትነግሪኝ ቀረሽ?» አሉ አለቃ።

«ማን ጠየቀኝ፣ አባቴ?»

ይመኙሽ የቀረውንም ነገሩኝ። ወጌሻውን ያመጡት አለቃ ራሳቸው ነበሩ፤ ዛሬም የመሪጌታን አንገት ወደ ግራ እንዲመልሰው ቀጥረውታል። ይህን ስሰማ፣ በታላቅ ሰው ላይ መጮኽ ነውር መሆኑን እያወቅሁ ጮኽሁ።

«ሊገድሏቸው ነው! ወጌሻው የተሰበረ እጅ ሲያስር ሸጋ ነው፤ አንገት ግን እጅ አይደለም!»

«አንገትና ምላስን ደግሞ ምን አገናኛቸው?»

«ካባዎ ገበር አለው አይደል? ወደ አንጎል ደም የሚወስደው የአንገት የደም ሥርም ገበር አለው። አንገት በኃይል ሲጠመዘዝ ገበሩ ይተረተራል፤ ደም በገበሩና በላዩ መካከል ገብቶ ሥሩን ያሳብጠዋል። እብጠቱ በአጠገቡ የሚያልፉትን የምላስ፣ የጉሮሮና የዓይን ቆብ ነርቮች ይጫናል። ውስጡን ከፍቼ አላየሁም፤ ነገር ግን ጉዳቱ ሁሉ በአንድ ወገን ነው። ዳግመኛ ቢጠመዘዝ የረጋ ደም ወደ አንጎል ሄዶ ግማሽ አካላቸውን ሽባ ሊያደርግ ይችላል። እናንተ አንገታቸውን ታስጎዳላችሁ፤ መልሳችሁ ሐሰተኛ ትሏቸዋላችሁ!»

አለቃ የካባቸውን ጠርዝ ገልብጠው ገበሩን በጣታቸው ዳሰሱ። ከዚያ ደጅ ላይ ቆመው ወጌሻውን መለሱት፤ ለቃሬዛም ሰው ጠሩ።

መሪጌታ ጎንደር ተኝተው ታከሙ። ምላሳቸው ዛሬም ጥቂት ያዘነብላል፤ ድምፃቸው ግን ተመልሶ ማኅሌት ቆመዋል። ዳግም ማኅሌት በቆሙበት ዕለት አለቃ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡን እንዲህ አሉት፦

«አንገታችሁን ለሚጠመዝዝ አትስጡ። በድንገት ዓይኑ የወደቀ፣ ምላሱ የዞረ ሰው ስታዩ ቶሎ ወደ ሐኪም አድርሱት፤ አካሉም ይተርፋል፣ ስሙም ይተርፋል። ፍረዱ ብትባሉ ደግሞ አስቀድማችሁ ሚስቱን ጠይቁ።»