ያልታየው ባሕር

(ጉለሌ፣ ከሰዓት በኋላ፣ በትርንጎ መኝታ ቤት። ትርንጎ የሕሊና እናት፣ የሺመቤት ደግሞ የሕሊና ባል የናሆም እናት ናቸው፤ አምና ትርንጎ ከሕሊና፣ ከናሆምና ከመንታ ልጆቻቸው ጋር በሽርሽር መርከብ ሰባት ቀን ሰንብታ መጥታለች፣ ዘንድሮ የሺመቤት ተረኛ ነኝ ብላ ሻንጣ ልትዋስ መጥታለች።)

የሺመቤት፦ ሻንጣሽን ነው የጠየቅሁሽ እንጂ ኩላሊትሽን አይደለም!

ትርንጎ፦ ጎማው ተሰብሯል አልኩሽ እኮ።

የሺመቤት፦ ሕሊና ደኅና ነው አለችኝ። ልጅሽን ውሸታም ልታደርጊያት ነው?

ትርንጎ፦ ሻንጣውን ተዪው፤ እንዲያውም መንገዱንም ተዪው። የሺ፣ እህቴ ስለሆንሽ ነው የምነግርሽ፤ መርከብ ላንቺ አይሆንም።

የሺመቤት፦ ላንቺ እንዴት ሆነ?

ትርንጎ፦ እኔ ጠንካራ ነኝ። አንቺ ደብረ ሊባኖስ ስንሄድ አውቶቡስ ውስጥ ስንት ፌስታል ሞላሽ? አራት! ያ እንኳ መሬት ላይ ነው። ይኼኛው ቀንም ሌትም ከሥርሽ ይወዛወዛል።

የሺመቤት፦ እንክብል አለው ይባላል።

ትርንጎ፦ ያስተኛል። ሰባቱን ቀን አንኮራፍተሽ ትመለሻለሽ።

የሺመቤት፦ አምና በማኅበሩ ዕለት እንዲህ አላልሽም። "ጠዋት ጠዋት በረንዳዬ ላይ ሻይ እየጠጣሁ፣ ዓሣው እየዘለለ ሰላም ይለኝ ነበር" አልሽ። ሴቱ ሁሉ አፉን ከፍቶ ሲሰማሽ ዳቦው ሳይቆረስ አመሸ።

ትርንጎ፦ በሰው ፊት ክፉ ክፉውን ማን ያወራል?

የሺመቤት፦ እንግዲያው አሁን አውሪው። ሰው የለም፣ እኔ ብቻ ነኝ።

ትርንጎ፦ ገና መግቢያው ላይ ስንቅሽን ይቀሙሻል። በዘይት ያሸሁትን ጭኮዬን፣ ዳቦ ቆሎዬን፣ ድርቆሼን፣ አንድም አላስቀሩልኝም። ጓንት ያጠለቀ ጎረምሳ ጭኮዬን እንደ ፈንጂ አገላብጦ አሸተተና ቆሻሻ ውስጥ ጣለው።

የሺመቤት፦ ቀንና ሌት ገበታ በማይነሣበት መርከብ ላይ ስንቅ ቋጥረሽ ሄድሽ?

ትርንጎ፦ ጾም ነበር! ሰባት ቀን ሰላጣና ሐብሐብ በላሁ። ደግሞ ገብተሽ ሳትቀመጪ ጥሩምባ ይነፋል። ሰዉ ሁሉ ብርቱካናማ ሰደርያ አጥልቆ ይተራመሳል። እኔ ሰጠምን ብዬ ተንበርክኬ "አቤቱ ማረኝ" ስል፣ ያንቺ ናሆም "ልምምድ ነው እማማ፣ ሰው እያየን ነው" አለኝ። መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ፤ መሬት እንኳ የለም።

የሺመቤት፦ ልጄ ቢያፍርብሽ አይፈረድበትም።

ትርንጎ፦ ባንቺማ ከነነፍሱ ይቀበራል። መርከቡ ወደብ ላይ ሲቆም የመመለሻ ሰዓት ይነግሩሻል፤ ካረፈድሽ ጥሎሽ ይሄዳል። አንቺ ደግሞ ለልጅሽ ሰርግ እንኳ ሙሽሮቹ ከገቡ በኋላ ነው የደረስሽው።

የሺመቤት፦ ፀጉሬን ሳሠራ ዘግይቼ ነው።

ትርንጎ፦ የቱን ፀጉር?

የሺመቤት፦ ዞር በይ። ሻንጣውን ራሴ እስበዋለሁ። ይኸው! ጎማው እንዴት እንደሚሽከረከር እዪው። ተአምር ነው፣ ዳነልሽ!

ትርንጎ፦ አትክፈቺው!

የሺመቤት፦ ምነው፣ ባሕሩን እዚህ ደብቀሽው ነው? እስቲ... ዳይፐር። ጡጦ። አሁንም ዳይፐር። ይኼ ደግሞ የፀሐይ ባርኔጣ፣ ከነዋጋ ወረቀቱ! ትርንጎ፣ ሰባት ቀን ሙሉ ባርኔጣሽ ፀሐይ አላየም?

ትርንጎ፦ ነፋስ ነበር።

የሺመቤት፦ ፎቶዎችሽንም አይቻለሁ። በሁሉም አንዱ መንታ ጀርባሽ ላይ፣ አንዱ እቅፍሽ ውስጥ፣ ከኋላሽ ግድግዳ። ባሕሩ የታለ?

ትርንጎ፦ ከግድግዳው ወዲያ።

የሺመቤት፦ ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል። ስንቅሽን በር ላይ ተቀበሉሽ፣ ውሸትሽን ግን ዓመት ተሸከምሽው። አውርጂው፣ ይቅለልሽ።

ትርንጎ፦ ለማንም አትናገሪም?

የሺመቤት፦ ለማን እናገራለሁ?

ትርንጎ፦ ክፍሉ መስኮት አልነበረውም፣ የሺ። እኔና መንትዮቹ ብቻ። ሕሊናና ናሆም ላይኛው ፎቅ ዋና፣ ጭፈራ፣ እራት። "እማዬ፣ ለአንድ ሰዓት ብቻ ያዢልን" ሲሉ ሲሉ ሰባቱ ቀን አለቀ። መንጋቱን የማውቀው ትንሹ ሲነክሰኝ ነበር። ግድግዳው ላይ ቴሌቪዥን አለ፤ አንደኛው ጣቢያ ከመርከቡ ፊት ያለውን ባሕር ብቻ ያሳያል። ልጆቹ ሲተኙልኝ እሱን እከፍትና ሻዬን እጠጣለሁ። ያንን እዚህ ጉለሌ ሆኜስ መች አጣሁት? እዚያው ባሕሩ ላይ ተቀምጬ ባሕር አማረኝ። አለቀስኩ።

የሺመቤት፦ ዓሣውስ? ሰላም ያለሽ?

ትርንጎ፦ እሱም በቴሌቪዥን።

የሺመቤት፦ ሆሆሆ! ወይ ጉድ! ወይ የማኅበሩ ሴት ይኼን ብትሰማ!

ትርንጎ፦ ሳቂ! በሬ ሆይ፣ በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ። ዘንድሮ የምትታሸጊው አንቺ ነሽ። ስትመለሺ እኔም እስቃለሁ።

የሺመቤት፦ አንቺ ግን ሁለተኛ አትሄጂም?

ትርንጎ፦ እኔ?

የሺመቤት፦ ሕሊና እግርሽ ላይ ወድቃ ብትለምንሽስ?

ትርንጎ፦ በወርቅ ቢለብጡት አልረግጠውም!

የሺመቤት፦ አፍሽ ነው። እስቲ ማይ።

ትርንጎ፦ ማርያምን! እመቤቴን፣ ዳግመኛ መርከብ አልረግጥም! አሁን አመንሽ?

የሺመቤት፦ አመንኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

ትርንጎ፦ ምን ማለትሽ ነው? ባርኔጣዬንስ ለምን ታደርጊዋለሽ?

የሺመቤት፦ ልኬ ከሆነ ብዬ ነው። ሕሊና ትናንት ቤቴ መጥታ ስታለቅስ ነበር። "አምና እማዬን ሞግዚት አድርጌ ወስጄ ባሕሩን ሳታይ መለስኳት" እያለች። ዘንድሮ ልጆቹ አዲስ አበባ ይቀራሉ። ወደ ባሕሩ የሚያይ፣ በረንዳ ያለው ክፍል ይዛለች። ለአንድ ሰው።

ትርንጎ፦ ለማን?

የሺመቤት፦ ላንቺ። ፊት ለፊት መጠየቁ አሳፍሯት እኔን ላከችኝ። "እሄዳለሁ ካለች አንቺ መንትዮቹን ያዢልን፤ አልሄድም ካለች አንቺ ትሄጃለሽ፣ እሷ ትይዛቸዋለች" አለችኝ። የተጓዡን ስም ለመርከቡ ነገ ጠዋት ነው የምትልከው። ይኸው ጠየቅሁሽ፣ ምለሽ መለስሽልኝ።

ትርንጎ፦ አንቺ እባብ! ሳትነግሪኝ አስማልሽኝ!

የሺመቤት፦ ዓመት ሙሉ በዚያ ዓሣ አንጀቴን ስታሳርሪው ምን አልኩሽ? ዝም ብዬ ዳቦ ቆረስኩልሽ!

ትርንጎ፦ አሁኑኑ እደውልላታለሁ። እሄዳለሁ እላታለሁ።

የሺመቤት፦ ደውዪ። እኔም እሑድ ለማኅበሩ እናገራለሁ። መስኮቱን፣ ቴሌቪዥኑን፣ ዓሣውን፣ በማርያም ምለሽ መካድሽንም ጭምር። ከዚያ ወዲያ በየትኛው ዓይንሽ ታይያቸዋለሽ? ይልቅ አርፈሽ ልጆቹን ያዢ። ስምሽ ይተርፋል። ባሕሩን እኔ አይልሻለሁ።

ትርንጎ፦ ይኸው፣ ስልኩን አስቀመጥኩት።

የሺመቤት፦ ጎሽ፣ እንዲህ ነው እንጂ። የሻንጣውን ቁልፍ አምጪ።

ትርንጎ፦ በረንዳው ሰፊ ነው አለችሽ?

የሺመቤት፦ ሁለት ወንበር ይይዛል አለች። አንቺን ምን ቸገረሽ?

ትርንጎ፦ ለስግደት ይበቃል። ለመሐላዬ ንስሐ አባቴ የሚሰጡኝን ቀኖና እዚያው ባሕሩን እያየሁ እሰግደዋለሁ። እሑድ ለሁሉም ንገሪያቸው፤ ዓሣውን እንዳትረሺ። ትንሹ ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተነሥቶ ይናከሳል፣ እጅጌው ወፍራም የሆነ ልብስ ልበሺ። አሁን ባርኔጣዬን ከራስሽ ላይ አውርጂ።