የክብር ወንበሩ ጥግ

ነሐሴ ተጋምሶ ነበር። አቶ አስማማው ከመሥሪያ ቤታቸው መዝገብ ክፍል ወጥተው ወደ ግሽ አባይ ሰፈር ሲያቀኑ ከጣና በኩል የተነሣው ዝናብ መንገድ ላይ ደረሰባቸው። ጃንጥላ ይዘዋል፤ ግን ነፋሱ ጃንጥላውን ገልብጦባቸው በአንድ ወፍጮ ቤት ታዛ ሥር ተጠለሉ። እዚያም ዱቄት ከለበሱት ሴቶች መካከል አንዲት ወጣት የተጠቀለለ ላስቲክ በብብቷ ይዛ ቆማለች። ባንቺአየሁ ነበረች፤ የባለቤታቸው የወይዘሮ የሺመቤት ልጅ፣ በዚሁ ክረምት ከመምህራን ማሠልጠኛ በአንደኛነት የተመረቀች።

«ባንችዬ! በዚህ ዝናብ ምን ያዞርሻል?»

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ላስቲክ ልገዛ መጥቼ ነው።»

«ላስቲክ ደግሞ ለምን?»

ልጅቱ ዓይኗን ወደ ጎርፉ መለሰች። «ለመጻሕፍቴ» አለች።

ስለ እነዚህ ባልና ሚስት ጥቂት ማብራሪያ ያስፈልጋል። ሁለቱም የትዳር ጓደኞቻቸውን በሞት አጥተው ሲኖሩ ሽማግሌዎች ካገናኟቸው ሁለት ዓመት ሆኗል። ወይዘሮ የሺመቤት ግን አሁንም ከከተማው ዳር በሰባታሚት፣ ጎመንና ቃሪያ በሚያለሙበት የራሳቸው ግቢ ይኖራሉ፤ አቶ አስማማውም በአንዲት ክፍል የቀበሌ ቤት። ሴትዮዋ በገበያ ቀን አትክልታቸውን ሸጠው ሲጨርሱ ከባላቸው ዘንድ ያድራሉ። አቶ አስማማው በበኩላቸው «ሚስቱ ቤት አደረ» እንዳይባሉ በበዓል ቀን ብቻ፣ አስቀድመው መልእክት ልከው፣ ኮታቸውን ለብሰውና ስኳር አስጠቅልለው ይሄዳሉ። ከአጥሩ ደጅ ሁለት ጊዜ ይስላሉ፤ ሲመሽ አመስግነው ይመለሳሉ። የገዛ ሚስቱን ቤት እንዲህ በሥነ ሥርዓት የሚጎበኝ ባል በአገሩ አልነበረም።

«ምደባሽስ?» አሏት።

«አንበሳሜ ደርሶኛል።»

«እሰይ! እንዲህ ነው እንጂ!»

«ግን አልሄድም፣ ጋሼ።»

አቶ አስማማው የተገለበጠውን ጃንጥላ ማቃናታቸውን ተዉ። «ምን አልሽ?»

«እናቴ ባለፈው ወር ንዳድ ይዟት ሦስት ቀን ስትተኛ ውኃ የሚያቀብላት እኔ ነበርሁ። እኔ ከሄድሁ ማን አለ? ምደባውን ትቼ ከእሷ ጋር ጎመን እተክላለሁ።»

«ስንት ዓመት የደከምሽበት ትምህርት! እዚያ ፊደል የሚጠብቁ ሕፃናት እያሉ!»

«እንግዲያው እርስዎ ይግቡላትና እኔ ልሂድ።»

«እኔ? ሚስት ቤት?» ድምፃቸው ከፍ አለ። «ልጄ፣ አባቴ ጎጆ ቀልሶ ነው እናቴን ያስገባት። ወንድ ያስገባል እንጂ አይገባም። ነገ ያ ቀልደኛው ዳኘው በመሥሪያ ቤት ምን እንደሚለኝ ታውቂያለሽ? ‹አስማማው ተዳረ አሉ፤ ጥሎሽ ምን መጣለት?› ይለኛል።»

«ሚዜ ካጡ እኛ አለን፣ ጋሼ!» አለች ጆንያ ላይ የተቀመጠች አንዲት ሴት፤ ታዛው ሁሉ ሣቀ።

ባንቺአየሁ ግን አልሣቀችም። «አባትዎ ጎጆ ሲቀልሱ ገና ጎረምሳ ነበሩ፤ እናትዎም ከወላጆቻቸው ቤት ነው የወጡት። እናቴ ግን አሁን የተከለችው ሎሚ አላት፣ ያስቆፈረችው ጉድጓድ አላት። የቱን ተሸክማ ከአንዲት ክፍል ትግባልዎ? ያ ወግ ለጎረምሶች የተሰፋ ልብስ ነው፤ ለእናንተ ይጠብባችኋል።»

«እኔ መቼ ተውኋት?» አሉ አቶ አስማማው፣ ቅር ብሏቸው። «ስሄድ የምታከብረኝን ክብር አላየሽም? ባለመደገፊያውን ወንበር አውጥታ ከዚያ ከጓዳው በር ጥግ ታኖርልኛለች። ሁልጊዜ ያችው ቦታ ናት! ወደ መስኮቱ ልጠጋ ብል እንኳ ‹የለም፣ የእርስዎ ቦታ ይህ ነው› ትላለች። አብሬያት ብኖር ይህ ሁሉ ይቀራል።»

ልጅቱ ላስቲኩን በብብቷ አጠበቀችው። «ዛሬ ከእኔ ጋር ይምጡ» አለች።

«ዛሬ? ዛሬ ምን በዓል አለና? መልእክትም አልላክሁ።»

«ወደ ሚስት ቤት ለመሄድ መልእክት ይላካል፣ ጋሼ?»

አቶ አስማማው ጃንጥላቸውን አቃንተው አጠፉ። ዝናቡ ጋብ ሲል ጋሪ አስቆሙ።

ሰባታሚት ሲደርሱ ዝናቡ እንደገና ወረደ። አቶ አስማማው ሊስሉ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ባንቺአየሁ ቀድማቸው በሩን ገፋችው። ወይዘሮ የሺመቤት ቀሚሳቸውን በመቀነት ሰብስበው በቤቱ መሐል ቆመዋል። ዙሪያቸውን ሳፋ፣ ድስትና ጣሳ ተደርድሮ ከጣራው የሚንጠባጠበውን ውኃ ይቀበላል። ከጓዳው በር ጥግ፣ ከዚያች ከክብር ቦታ ላይ፣ አልጋው ቆሟል፤ ከአልጋው ላይ የጤፍ ጆንያ ተጋድሟል። በዚያ ቤት ውኃ የማይነካው ጥግ ያ ብቻ ነበር።

«ወይኔ ጉዴ! ሳይልኩብኝ?» ሴትዮዋ ደንግጠው የአልጋውን እግር ያዙ። «አንድ ጊዜ ከበሩ ቆም ይበሉልኝ፤ ቦታዎን ላስተካክል።»

«ተይው» አሉ አቶ አስማማው ቀስ ብለው። «እኔ በመጣሁ ቁጥር ይህን አልጋ ወዴት ስታደርጊው ኖረሻል?»

«ወደሚያፈሰው ጓዳ ነዋ» አለች ባንቺአየሁ። «ይህኛው ክፍል በዶፍ ብቻ ነው፤ ጓዳው በካፊያም ያፈሳል። እርስዎ ሲሄዱ ፍራሹን እሳት ዳር እናደርቃለን። ይህም ላስቲክ ለእሱ ነው።»

«ዝም በይ አንች ልጅ! ሰው ፊት!»

«የሺመቤት፣ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ጣራዬ ያፈሳል ተብሎ ለእንግዳ ይነገራል? ነውር አይደለም እንዴ?»

«እኔ እንግዳ ነኝ?»

«ልከው የሚመጡ፣ ሲመሽ የሚሄዱ ሰው ታዲያ ምን ይባላሉ?» ወይዘሮ የሺመቤት ይህን ሲሉ ፊታቸው ላይ ቂም አልነበረም፤ ፈገግታና እፍረት ብቻ ነበረበት። አቶ አስማማውን ከስድብ ይልቅ የጎዳቸው ይኸው ነው። ክብር መስሏቸው ሁለት ክረምት ሙሉ የተቀመጡት በሚስታቸው ደረቅ መኝታ ቦታ ላይ ኖሯል!

ኮታቸውን አውልቀው ሰቀሉና የሞላውን ሳፋ አንሥተው ደጅ ደፉ። ከዚያ ወደ ልጅቱ ዞረው «አንች ሻንጣሽን አዘጋጂ» አሏት።

ዝናብ ባባራ ቀን ምስማርና ሬንጅ ይዘው ከቆርቆሮው ላይ ወጡ። ወይዘሮ የሺመቤት መሰላሉን ይዘው ከታች ይጮሃሉ፦ «ኧረ እግርዎን ከወራጁ እንጨት ላይ ያድርጉ! ደግሞ ያችን ቀዳዳ ዘለሏት፣ ዓይን የለዎትም? በዚህ ዕድሜ ተሰብረው ላስታምምዎ ነው?» አቶ አስማማው ከላይ ሆነው ሣቁ። እንግዳ በነበሩበት ዘመን ማንም እንዲህ ተቆጥቷቸው አያውቅም።

ከመስቀል በፊት ሣጥናቸውንና አልጋቸውን በጋሪ ጭነው ገቡ። የለቀቋትን ክፍል ቀበሌው ለብዙ ጊዜ ቤት ሲጠብቁ ለነበሩ ሕፃናት ላሏቸው ባልና ሚስት ሰጠ። ዳኘውም እንደተጠበቀው «ተዳርህ አሉ!» ብሎ መሥሪያ ቤቱን አሣቀ።

«አዎ፣ ተድሬያለሁ» አሉት። «አንተም ሳታረጅ ይዳሩህ!»

ከዚያ ወዲያ ቀልዱ ጣዕሙ ጠፋ። በጥቅምት ንዳዱ በተራው አቶ አስማማውን ሲይዛቸው ውኃ የሚያቀብል እጅ ከአጠገባቸው ነበር። በሁለት ምድጃ ይነድ የነበረው እንጨት በአንዱ በቃ፤ ግቢውም አጥር ተጠግኖለት ሽንኩርት ተጨመረበት። አንበሳሜም መምህርቷን አገኘች። ወግ ሰውን ከሰው ለማኖር የተበጀ ነገር ነው፤ የሚዋደዱ ሁለት ሰዎችን በሁለት ጣራ ሥር ሲያስቀር ግን ሊሻሻል ይገባዋል። ያሻሻለው ሰው ክብሩ አይቀንስም፤ ክብርን ከእንግድነት ለይቶ ያውቃል እንጂ።

በዓመቱ ሐምሌ ባንቺአየሁ ለዕረፍት መጣች። ውጭ ዶፍ ይወርዳል። አቶ አስማማው ባለመደገፊያውን ወንበር አንሥተው ከቤቱ መሐል፣ ድሮ ትልቁ ሳፋ ይቀመጥ ከነበረበት ላይ አኖሩላት። ልጅቱ ልትቀመጥ ስትል ልማድ ሆኖባት ቀና ብላ ጣራውን አየች።

«አትፍሪ፣ ልጄ» አሉ። «ከወደድሽበት ተቀመጭ።»