መቶዎቹ የሚያድሩበት ሳጥን

ዓርብ፣ የወሩ አሥራ ሰባተኛ ቀን። የጠዋት ቆጠራ፦ ቆርቆሮ መቶ አሥራ ሁለት፣ ሚስማር ዘጠኝ ካርቶን፣ ነጭ ቀለም ሃያ ስድስት ጣሳ፣ አንዱ ክዳኑ የተከፈተ። የትናንቱ ሽያጭ እስከ አራት ሰዓት ተቆጥሮ አላለቀም። አዲሷ ገንዘብ ያዥ ሦስት ጊዜ ጀምራ ሦስት ጊዜ ጠፋባት። አልተቆጣኋትም።

ከሰዓት በኋላ የቀድሞዋን ገንዘብ ያዣችንን በጡረታ ሸኘን። መጋዘኑ ውስጥ የቀለም ጣሳዎቹን ወደ ጎን ገፍተን ወንበር ደረደርን። ንግግሩን ያደረግሁት እኔ ነኝ። ወረቀት ላይ የጻፍኩት ግማሹን ብቻ ነበር። ሳልረሳው ሁሉንም እንዳለ እዚህ አሰፍረዋለሁ።

እትዬ ስፖንጅ፣ ዛሬ እንኳ በስምዎ ልጥራዎት ብዬ ነበር። ግን ስምዎን የሚያውቀው የደሞዝ መዝገቡ ብቻ ነው። እኛ የምናውቅዎት ጣትዎን በሚያረጥቡባት በዚያች ስፖንጅ ነው። ሣህኗን የነካ ሰው እጁ ይቆረጣል ብለን ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ፈርተን ኖረናል።

መጀመሪያ የመጡ ቀን እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ያኔ አባቴ «ትልቁ»፣ እኔ «ትንሹ» ነበርን፤ ይኸው ጸጉሬ ሸብቶም ትንሹ እንደሆንኩ ቀረሁ። አባቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ሥራ ፈላጊ የሚፈትንበት ዘዴ ነበረው። መቶ ፍሬ የአምስት ኖት አስሮ ይሰጥና «ቁጠሪ» ይላል። እርስዎም ቆጠሩ። «ዘጠና ዘጠኝ» አሉ።

«መቶ ነው» አለ አባቴ። «ትናንት ማታ የቆጠርኩት ራሴ ነኝ።»

«እንግዲያውስ ራስዎን ይቅጠሩ» ብለው ቦርሳዎን አነሱ።

አባቴ እየተነጫነጨ ደግሞ ቆጠረ። ዘጠና ዘጠኝ። በዚያው ቀን ሥራ ጀመሩ። እሱ እስኪሞት ድረስ ያቺን አንዲት ኖት አይጥ ወሰዳት ይል ነበር። ዛሬ ልናዘዝ፤ አይጧ እኔ ነኝ። ሲኒማ ገባሁባት። ፊልሙም አይረባም ነበር።

እርስዎ እየቆጠሩ ሳለ ሰላምታ የሚያቀርብ ሰው የሚያገኘውን ሁላችን እናውቃለን። አንድ ጊዜ ከገጠር የመጣ ቆርቆሮ ገዢ በመስኮቱ አንገቱን አስገብቶ «እንደምን አደሩ እናቴ?» ቢልዎት፣ «ሦስት መቶ አርባ ሁለት!» ብለው ጮኹበት። ሰውየው የቆርቆሮው ዋጋ መስሎት «ውይ፣ ትንሽ አይቀንሱልኝም?» አለ። ጫኚያችን ያው እዚያ ተቀምጧል፣ ምስክሬ ነው። ሳቁን መያዝ አቅቶት የቀለም ጣሳ እግሩ ላይ ጣለ።

ጆሮው የታጠፈ ኖት አያልፍዎትም፤ አንድ በአንድ ያቃናሉ። ስልክ ቁጥር የተጻፈበት ሲያገኙ «እዚህ ሰውዬ ጋ ደውሉና ደብተር ግዙለት» ይላሉ። የተቀደደውን በፕላስተር ያክማሉ። ባለቤትዎ፣ አናጢው፣ ማታ ሊወስዱዎት ሲመጡ መጋዛቸውን በር ላይ አስደግፈው «ሐኪሟ በሽተኞቿን ጨረሰች?» ይሉ የነበረው ለዚህ ነው።

ያ ዝናባም ቀንስ ትዝ ይላችኋል? ኮንትራክተሩ የአንድ ሙሉ ቤት ክዳን ሊገዛ በሁለት ማዳበሪያ አምስትና አስር አጭቆ የመጣ ቀን። በእኛ አገር ከመቶ የሚበልጥ ኖት የለም፣ መቶ ደግሞ አንድ ቆርቆሮ አይገዛም። እርስዎ ጠዋት መቁጠር ጀመሩ፣ የምሳ ሰዓት አለፈ፣ ወረፋው በር ድረስ ደረሰ። ኮንትራክተሩ ትዕግሥቱ አልቆ «ይህ አገር ምን ነክቶት ነው ትልቅ ኖት የማያወጣው?» አለ።

«ትልቅ ኖት ማውጣት እኮ ገንዘባችን ወድቋል ብሎ መፈረም ነው» አለ ጫኚያችን። «ውድቀቱን በገዛ እጁ የሚፈርም ማን አለ?»

ወረፋ የያዘ አንድ የባንክ ሠራተኛ ነበር። «ሐሰተኛ ብር የሚያትም ሰው ለአምስት አይለፋም፤ ትልቅ ሲወጣ ነው የሚነቃው» አለ። «ፍራሹ ውስጥ የሚደብቀውም እንደዚያው። ደግሞስ ትልቁ ቢወጣ መልሱን ከየት ታመጣላችሁ?»

እርስዎ የደረሱበትን ቁጥር ወረቀት ላይ ጫር አደረጉና ቀና አሉ። «ሁላችሁም ልክ ናችሁ። የራሳችንን ግን ረሳችሁት።» በጣትዎ ከጠረጴዛዬ ሥር ያለውን የብረት ሳጥን አሳዩ። «መቶው ጠዋት ይገባል፣ ማታ አይወጣም። የት እንደሚያድር እኔ አውቃለሁ። ነጋዴው ሁሉ እንዲህ ያለ ሳጥን እያለው፣ የሺ ኖት ቢያትሙስ ገበያ ላይ ማን ያየዋል?»

ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። የተናገሩት ግን እውነት ነበር። ዕቃ ለማምጣት ስሄድ መቶ ይቀላል፤ በቀበቶ ይታሰራል፣ ሸሚዝ ይሸፍነዋል። አምስትና አስር ጆንያ ይሞላል፣ ሌባ ይጠራል። ስለዚህ መቶው ለእኔ መንገድ ይቀመጣል፣ ትንንሹ ለደሞዝና ለመልስ ይወጣል። አባቴም እንዲሁ ያደርግ ነበር፣ ጎረቤቶቼም እንዲሁ ያደርጋሉ። ብልሃት ነው እንጂ ክፋት አይደለም እያልኩ ኖርኩ።

ወረቀቴ ላይ የጻፍኩት እዚህ ያልቃል። ከዚህ ቀጥሎ «መልካም ጡረታ» ነው የሚለው። እሱን ከማለቴ በፊት ግን አንድ ነገር አለብኝ።

የዛሬ አራት ዓመት፣ ገና ሱቁ እንደተከፈተ፣ በቤት ጫማ እየሮጡ መጡ። ባለቤትዎ ሥራ ላይ እያሉ ወድቀዋል፣ ሐኪም ቤቱም ቅድሚያ ካልተከፈለ አልጋ የለም ብሏል። «የስድስት ወር ደሞዜን አበድረኝ፣ ትንሹ» አሉኝ። አላቅማማሁም። ይህን ሁላችሁም አይታችኋል። ያላያችሁትን ልንገራችሁ። ሳጥኑ ጉልበቴ ሥር ነበር። ብከፍተው ገንዘቡ ሁሉ በመቶ ሆኖ አንድ ፖስታ ውስጥ ይገባ ነበር። ግን ከሁለት ቀን በኋላ መንገድ ነበረኝ። አንድ ትንፋሽ ያህል አሰብኩ። ከዚያ የመልሱን መሳቢያ ሳብኩና በአምስትና በአስር ሁለት ፌስታል ሞላሁልዎት።

ጫኚው አንዱን፣ እኔ አንዱን ይዘን ተከተልንዎት። ሐኪም ቤቱ የክፍያ መስኮት ላይ ያለችው ልጅ አንዷን ኖት ታነሳለች፣ ወደ ብርሃን ታያታለች፣ የተቀደደች ከሆነች ትመልሳለች። መሃል ላይ ስልክ ተደወለላት፣ ቁጥሩ ጠፋባት፣ ከአንድ ጀመረች። እርስዎ ከመስታወቱ ወዲህ ቆመው ጣቶችዎ ባዶውን አብረው ይቆጥሩ ነበር። «ልጄ፣ እኔ ልቁጠርልሽ፤ ሥራዬ እኮ ነው» አሏት። «አይፈቀድም እናቴ፣ ይጠብቁ» አለች። በእጅ ሰዓቴ ሃምሳ ደቂቃ። ባለቤትዎ ኮሪደሩ ላይ፣ ባለ ጎማው አልጋ ላይ ነበሩ። ደረሰኙ ሲወጣ እሳቸው የሉም።

ሐኪሙ «ሰዓቱ ለውጥ አያመጣም ነበር» አለን። ደግ ሰው ነው፣ ሊያጽናናን ነው። እኔ ግን ነጋዴ ነኝ፤ ሰዓት ምን እንደሚያመጣ አውቃለሁ። ያ መንገዴም ቀረ። በዚያ ሳምንት ቀብር ላይ ነበርኩ። ዛሬ ነገ እያልኩ አራት ዓመት ሞላኝ። ከሰኞ ጀምሮ ደግሞ መስኮቱ ላይ አላገኝዎትም። እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ።

እዚህ ላይ ወረቀቱን አጠፍኩት። እትዬ ብርጭቋቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉ።

«አውቃለሁ» አሉ።

«ምኑን?»

«ሳጥኑን ማታ ማታ የሚቆጥረው ማን ሆነና? ከሐዘን የተመለስኩ ዕለት ከፈትኩት። አንዲትም አልጎደለችም። ጽፌ ዘጋሁት።»

«ታዲያ ምነው ዝም አሉኝ?»

«ምን ልበልህ? እስክትነግረኝ ጠበቅሁ።» ዝቅ ብለው አውራ ጣታቸውን አሹ። «ቆየህ፣ ትንሹ። በጣም ቆየህ።» ከዚያ በመስኮቱ ላይ በሚታወቀው ድምፃቸው «በል ጨርስ! የሰው መጠጥ ሞቀ» አሉ። የሳቀ አልነበረም። ጫኚው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሯል። የቀረውን እንዲህ ብዬ ጨረስኩ።

አባቴ በሞተ ማግስት ይህን ሱቅ የከፈቱት እርስዎ ነዎት፤ እኔ ቁልፉ የት እንደሚቀመጥ እንኳ አላውቅም ነበር። በሠላሳ አንድ ዓመት አንድ ቀን እንኳ የማንም ደሞዝ አልዘገየም። አሁን ያ አውራ ጣት ደንዝዟል፤ ኖቱ ይለስልስ ይሻክር አይለይም። ያደነዘዝነው እኛ ነን፣ ትልቁን ደብቀን ትንሹን እያስቆጠርን። ስለዚህ ብርጭቋችንን ለዚያ ጣት እናንሳ። ይረፍ። እንቅልፍዎ ይጣፍጥ፣ ጉልበትዎ ይጽና፣ ደጃፍዎ ሰው አይጣ። ሰላም የሚልዎት ሰው ከእንግዲህ ሙሉ መልስ ያግኝ። ለእትዬ ስፖንጅ!

ጠጣን። ፖስታውን ሰጠኋቸው፤ የስንብቱ ገንዘብ ከብረት ሳጥኑ የወጣ ነው፣ ሁሉም መቶ። ሳጥኑ ባዶውን ቀረ። እትዬ ፖስታውን በእጃቸው መዘን አደረጉት። አልቆጠሩትም።

«ይቀላል» አሉ።

እስከ በሩ ሸኘኋቸው። ባለቤታቸው መጋዙን ያስደግፉበት የነበረው ቦታ ላይ ሲደርሱ ቆሙና ፖስታውን መለሱልኝ።

«ይህን ይዤ ሽንኩርት ልገዛ ብሄድ ባለሱቁ መልስ የለኝም ነው የሚለኝ። እኔም ከእንግዲህ መሳቢያ የለኝ። ዘርዝረህ አምጣልኝ።»

«በአስር ላድርገው?»

«በአስርና በአምስት። ደግሞ አዲሷን ልጅ እንዳታስቆጥር፤ ራስህ ቁጠረው።»

ስፖንጇን ከነሣህኗ መዳፌ ላይ አስቀምጠው ሄዱ። ገና አልደረቀችም።

ለነገ፦ ባንኩ ሲከፈት በር ላይ መገኘት። ፖስታውን በአስርና በአምስት መዘርዘር። ራሴ ቆጥሬ እትዬ ቤት ማድረስ። ሁለት ፌስታል መያዝ።